ኢኮኖሚው ሲናጋ የገጠር መሬት ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የዋጋ ንረቱ ባንክ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ እየበላው ነው። ደመወዝ አለኝ፤ መሥሪያ ቤቴ ግን ሠራተኛ ሊቀንስ ነው እየተባለ ነው። ከከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ አምስት ሄክታር መሬት ለሽያጭ ቀርቧል። የዋጋውን 40 በመቶ ከፍዬ ቀሪውን በ10 ዓመት ብድር መጨረስ እችላለሁ፤ ወለዱ ተለዋዋጭ ነው። አሁን ካልገዛሁ ዋጋው ይሰቀልብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ልግዛ?»

መልሱን ላስቀድም። በዚህ ስፋትና በዚህ ብድር አይግዙ። አነስ ያለ መሬት ያለ ዕዳ፣ ወይም ይኸንኑ መሬት ከመግዛት መብት ጋር ተከራይቶ መያዝ ግን ያዋጣዎታል። በክፉ ጊዜ መሬት የገዛን ሰው ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ዋጋው በወረደበት ሰዓት ለመሸጥ መገደዱ ነው። ዋጋው ወርዶም ይዞ መቆየት የቻለ ሰው ኪሳራው ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ «ጊዜው ጥሩ ነው ወይ?» የሚለውን ትተው «ደመወዜ ቢቋረጥ መሬቱን ሳልሸጥ መቆየት እችላለሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያውን ማንም በእርግጠኝነት አይመልስልዎትም፤ ሁለተኛው በእርሳስና በወረቀት ይመለሳል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ መልስ መሬት በግል ስም በሚሸጥበትና በሚገዛበት አገር ላለ ገዢ ነው። ኢትዮጵያን በመሰሉ፣ ሕገ መንግሥቱ (የኢትዮጵያው በአንቀጽ 40) መሬት አይሸጥም አይለወጥም ባለባቸው አገሮች «የገጠር መሬት ሽያጭ» የሚል ውል ይዞ የመጣ ሰው ሊሸጥ የማይችለውን እየሸጠ ነው። እዚያ መታየት ያለበት የኪራይና የመጠቀም መብት ነው፤ ከዚህ በታች ስለ ውሃ፣ ስለ አፈርና ስለ ኪራይ የተባለው ግን ለዚያም ይሠራል።

ሒሳቡ

የመሬቱን ዋጋ 100 እንበለው። ቅድመ ክፍያው 40 ነው። ለቀያሽ፣ ለውል፣ ለስም ማዛወሪያና ለምዝገባ የሚወጣው እንደየአገሩ ቢለያይም 7 እንያዝለት። ቀሪው 60 በ12 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ሲከፋፈል በየዓመቱ 10.6 ገደማ ይደርሳል። ለግብር፣ ለጥበቃና ለአጥር ጥገና 2 ይጨመር። መሬቱ ተከራይቶ በዓመት 4 ቢያስገባ፣ ከኪስዎ የሚወጣው 8.6 ነው። ደመወዝ እስካለ ድረስ ይህ ሊገፋ የሚችል ሸክም ነው፤ ብዙ ገዢም ሒሳቡን እዚህ ላይ ይዘጋዋል።

መጥፎውን ዓመት እናስገባበት። ወለዱ ገና በጠዋቱ ወደ 18 በመቶ ቢወጣ ዓመታዊው ክፍያ 13.4 ገደማ ይሆናል። ዝናብ አጥሮ ተከራዩ ቢለቅ 4ቱም ይቀራል። አሁን ከኪስ የሚወጣው 15.4 ነው፤ ከመጀመሪያው ግምት እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ሁለት ነገሮች የሚመጡት ደመወዝዎ አደጋ ላይ በወደቀበት በዚያው ጊዜ ነው። ክፉ ጊዜ ተራ ጠብቆ አይመጣም፤ ወለዱ፣ ተከራዩና ሥራው ተያይዘው ነው የሚሄዱት።

ስለዚህ በእጅ ሊኖር የሚገባው ገንዘብ እንዲህ ይሰላል፦ ቅድመ ክፍያ 40፣ ወጪዎች 7፣ የመጥፎው ጊዜ የሁለት ዓመት ክፍያ 31፤ በድምሩ 78። ከዚህ ውጭ የቤተሰብዎ የ12 ወር ወጪ ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ለመሬቱ ሁለት ዓመት ያልኩት፣ ሥራ አጥቶ ሌላ ሥራ ያገኘ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ደመወዝ ቀዳዳ ሲደፍንበት ስለሚያሳልፈው ነው።

አሁን ያንኑ 78 በሌላ መልክ ይዩት። ዋጋው 65 የሆነ አነስተኛ መሬት ያለ ብድር ቢገዙ ከነወጪው ወደ 70 ይጠጋል። በዓመት ለመያዣ የሚያስፈልገው 1.3 ብቻ ስለሆነ ለሁለት ዓመት 2.6 አስቀምጠው እንኳ ለአጥርና ለውሃ ከ5 በላይ ይተርፋል። ተከራይ ባይኖር፣ ወለድ ቢሰቀል፣ ሥራ ቢቋረጥ ማንም በር አያንኳኳም። ከሦስት ሄክታር ትንሽ ከፍ ያለ መሬት በእጅ ይዞ ማደር፣ አምስት ሄክታር በባንክ መያዣ ሥር ይዞ ከማደር ይሻላል የሚለው የእኔ ፍርድ ነው፤ ሒሳቡ ግን የእርስዎ ነው፣ በራስዎ ቁጥር ይሥሩት።

ወለድ የሚጎዳው ተበዳሪውን ብቻ አይደለም። በዓመት 4 የሚከራይ መሬት፣ ገዢዎች ከገንዘባቸው 4 በመቶ ትርፍ ሲበቃቸው 100 ያወጣል። ባንክ የተሻለ መክፈል ጀምሮ ገዢዎች 6 በመቶ ካልሆነ አንገዛም ቢሉ፣ ያው መሬት በያው ኪራይ ዋጋው ወደ 67 ይወርዳል። አፈሩም ዝናቡም አልተለወጠም። በአሜሪካ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዋጋ ንረቱ ሲበረታ የእርሻ መሬት ዋጋ ሽቅብ ወጣ፤ ገበሬው በከፍተኛው ዋጋ መሬቱን እያስያዘ ሌላ መሬት ገዛበት። ማዕከላዊው ባንክ ንረቱን ለመግታት ወለዱን በ1980 እና 1981 እስከ 20 በመቶ አካባቢ ሲያደርሰው ነገሩ ተገለበጠ። በአዮዋ ግዛት የእርሻ መሬት አማካይ ዋጋ ከ1981 እስከ 1986 ባለው ጊዜ ከ60 በመቶ በላይ ወረደ። ዕዳ ያልነበረበት አረሰበት፤ ዕዳ የነበረበት ብዙ ሰው በሐራጅ አጣው። «መሬት ከዋጋ ንረት ያስጥላል» የሚለው አባባል ረጅም ዘመን ሲታይ ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ በአምስትና በሰባት ዓመት ውስጥ ግን ሊክድዎት ይችላል።

«ንረቱ ዕዳዬን ይበላልኛል» የሚል ሒሳብም አለ። ይህ የሚሆነው ወለዱ ቋሚ ሆኖ ገቢዎ ከንረቱ ጋር አብሮ ሲያድግ ነው። የእርስዎ ወለድ ተለዋዋጭ ነው፤ ደመወዝዎም አይታመንም፤ ሁለቱም መስፈርት የለም። ወለዱ ቋሚ በሆነበትም ቢሆን ሕግ ይለወጣል። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1923 ገንዘቡ ዋጋ ሲያጣ መሬት አስይዘው የተበደሩ ሰዎች ዕዳቸው ተነነ፤ በ1925 የወጣው ሕግ ግን የመሬትና የቤት መያዣ ዕዳዎች ከቀድሞ የወርቅ ዋጋቸው 25 በመቶው እንደገና እንዲከፈል አደረገ።

ብድር የግድ ከሆነ አበዳሪውን በጽሑፍ የሚጠይቁት ይህን ነው፦ ወለዱ በየስንት ጊዜው ይከለሳል? ጣሪያ አለው? ቀድሜ ብከፍል ቅጣት አለ? ስንት ወር ካልከፈልኩ ነው መሬቱ ለሐራጅ የሚወጣው? መያዣው መሬቱ ብቻ ነው ወይስ የምኖርበትንም ቤት ይጨምራል? የመጨረሻውን አጥብቀው ይያዙት። መኖሪያ ቤትን ለእርሻ መሬት ማስያዝ አንዱ ሲናድ ሌላውን ይዞ እንዲወድቅ ማሰር ነው።

«ዋጋው ይሰቀልብኛል»

ይህን ስጋት የሚያባብሰው ደላላ የሚጠራው ዋጋ ነው። በገጠር መሬት ገበያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀንሰው የሽያጩ ብዛት ነው። ሻጩ ያሰበውን ዋጋ ይዞ ይቀመጣል፣ ገዢው ይጠፋል፣ በወረቀት ላይ ያለው ዋጋ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ባለበት ይቆያል። ስለዚህ የተጠየቀውን ዋጋ ትተው የተከፈለውን ይፈልጉ፦ በዚያው አካባቢ ባለፉት 12 ወራት በእርግጥ ስም የዞረባቸው መሬቶች ስንት ናቸው፤ በሄክታር በስንት ተሸጡ፤ ለሽያጭ ከወጡ በኋላ ምን ያህል ቆዩ? አንድ ዓመት ሙሉ ገዢ ያጣ መሬት ላይ መቸኮል የለብዎትም። ሻጩ ለምን እንደሚሸጥም ይጠይቁ። ውርስ ለመከፋፈል፣ ዕዳ ለመክፈል ወይም አገር ለመልቀቅ የሚሸጥ ሰው ጥሬ ገንዘብ ለያዘና ቶሎ ለሚጨርስ ሰው ዋጋ ይቀንሳል። ምርመራውን ለማሳጠር ሲባል የሚቀነስ ዋጋ ግን ቅናሽ አይባልም።

ገንዘቡ ቢበቃም መሬቱ መፈተን አለበት

ከርካሹ ፈተና ይጀምሩ፤ ወረቀትና መንገድ ማየት ከጉድጓድ ቁፋሮ ይቀላል፣ ብዙውንም የማይሆን መሬት እዚያው ያስቀራል።

የሻጩን ፎቶ ኮፒ አይመኑ። ከመዝገብ ቤት በዚያው ሳምንት የወጣ ማስረጃ ይያዙ፤ በማን ስም እንዳለ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት፣ ውዝፍ ግብር እንዳለ ይነግርዎታል። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው፣ ውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ መፈረም አለባቸው። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩንና ውክልናው አለመሻሩን ያረጋግጡ። መሬቱን አሁን እያረሰ ያለ ሰው ካለ በምን መብት እንደሚያርስ እሱን ራሱን ይጠይቁት፤ ሻጩ «ዝም ብሎ ነው የሚያርሰው» የሚለው ሰው ዋነኛ ባለጉዳይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ ቀያሽ ይዘው፣ አዋሳኞቹ ሁሉ ባሉበት፣ ከችካል እስከ ችካል ይዙሩት። ተዳፋት ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ መዝገቡ የሚይዘው አግድም ስፋት ነው፣ በእግር የሚለኩት ደግሞ ዳገቱን ተከትሎ ስለሆነ ሁልጊዜ ይበልጣል።

መንገዱ ለመኪና ቢመችም የማን እንደሆነ ይወቁ። በጎረቤት መሬት የሚያልፈው በፈቃድ ከሆነ፣ ጎረቤቱ ሲሞት ወይም ሲሸጥ ፈቃዱ አብሮት ይሄዳል። የመተላለፊያ መብቱ በመዝገብ ላይ መጻፍ አለበት፤ ስፋቱም ቢያንስ አራት ሜትር ይሁን፣ የጭነት መኪና ከዚያ ባነሰ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። በብዙ አገር የውሃ መብትና የማዕድን መብት ከመሬቱ ተለይተው የሚሸጡ ናቸው፤ ሻጩ ቀድሞ ሸጧቸው ይሆናል። የአካባቢውን የመሬት አጠቃቀም ዕቅድም ይዩ፤ የመንገድ፣ የግድብ ወይም የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ዕቅድ የሚያልፍበት መሬት ርካሽ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ውሃው ላይ ጊዜ ይስጡ። ብዙ ገዢ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ምንጩ ሲፈስ አይቶ «ውሃ አለው» ብሎ ይመለሳል። የሚለካው በደረቁ ወቅት መጨረሻ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲና የእጅ ስልክ ይበቃል። ውሃውን በቧንቧ ወይም በቆርቆሮ አሸንዳ ወደ አንድ አቅጣጫ ሰብስበው ባልዲው በስንት ሰከንድ እንደሞላ ይቁጠሩ፤ ሦስት ጊዜ ደግመው አማካዩን ይውሰዱ። 80 ሰከንድ ፈጀ እንበል። በደቂቃ 15 ሊትር፣ በቀን 21,600 ሊትር ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ለቤትና ለከብትም ይበቃል። ግን በደረቅ ወቅት ሰብል በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ውሃ ቢጠጣ፣ ለአንድ ሄክታር 50,000 ሊትር ያስፈልጋል። የሌሊቱን ፍሰት ሁሉ አጠራቅመው እንኳ ይህ ምንጭ ግማሽ ሄክታር አያጠጣም፤ በቦይ ከለቀቁትና በመንገድ የሚሰርገው ሲቀነስ ወደ ሩብ ሄክታር ይወርዳል። ሻጩ «አምስት ሄክታር በመስኖ የሚለማ» ብሎ ዋጋ ከጠራ፣ ልዩነቱን ባልዲው ይነግርዎታል።

የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ጥልቀቱ ብቻ ምንም አይልም። ቢያንስ ለ24 ሰዓት ያለ ማቋረጥ በፓምፕ ይሳብ፤ የውሃው ከፍታ በየሰዓቱ ይመዝገብ። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ወደነበረበት የሚመለስበት ፍጥነት የጉድጓዱ እውነተኛ አቅም ነው። አንድ ቀን ሙሉ ተስቦ በማግስቱ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ጉድጓድ የተጠራቀመ ውሃ እንጂ የሚተካ ውሃ የለውም። ናሙና ለላቦራቶሪ ይስጡ፦ ለመጠጥ ፍሎራይድ ከ1.5፣ ናይትሬት ከ50፣ አርሴኒክ ከ0.01 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይላል። ለመስኖ ጨዋማነቱ ይታያል፤ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ከ0.7 ዴሲሲመንስ በሜትር በታች ከሆነ አያሰጋም፣ ከ3 በላይ ከሆነ ጨው የሚችል ሰብል ካልሆነ አይዘራበትም።

ለአፈሩ በሦስት አራት ቦታ አንድ ሜትር ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ግድግዳው ላይ ግራጫና የዝገት ቀለም ያለው ነጠብጣብ ከታየ ውሃ በዓመት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቋጥራል፤ በደረቁ ወቅት መሬቱ ምንም ቢያምር በዝናብ ጊዜ ሥር ያበሰብሳል። ደንገልና ቄጠማ የበዛበት ዝቅ ያለ ቦታም ይህንኑ ያስታውቃል። ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር የተወሰደ አፈር በንጹሕ ባልዲ ተቀላቅሎ ግማሽ ኪሎው ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ። ከአጥር ሥር፣ ከዛፍ ጥላና ከአሮጌ የፍግ ክምር አይውሰዱ፤ ውጤቱን ያሳምሩታል። የአፈሩን አሲድነት የሚለካው ፒ ኤች ከ5.5 በታች ከሆነ በአፈሩ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ ሥር ይጎዳል፤ ለማረም በሄክታር ብዙ ጊዜ የበርካታ ቶን ኖራ ጉዳይ ስለሆነ የማጓጓዣው ወጪ ከኖራው ሊበልጥ ይችላል። ከ8.5 በላይ ከሆነ ሶዲየም ይጠረጠራል፤ ያ ከአሲድ ይልቅ ያስቸግራል።

ቅርፁም ወጪ ነው። አምስት ሄክታር እኩል ጎን ያለው ቢሆን ዙሪያው 895 ሜትር ገደማ ነው፤ በየሦስት ሜትሩ የአጥር ቋሚ ቢተከል 300 ይበቃል። ያው አምስት ሄክታር 50 ሜትር ስፋትና 1,000 ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥር ከሆነ ዙሪያው 2,100 ሜትር፣ ቋሚው 700 ይሆናል። ኤሌክትሪክ ከፈለጉ ከቅርቡ ምሰሶ እስከ መሬቱ ያለውን ርቀት ለክተው ከአቅራቢው የጽሑፍ ዋጋ ይያዙ፤ የሻጭ «በቅርቡ ይገባል» ዋጋ የለውም።

መካከለኛው መንገድ

ለእርስዎ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል፦ ሻጩን መሬቱን ለሁለት ዓመት እንዲያከራይዎት፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት እንዲሰጥዎት ይጠይቁት። ለዚህ መብት ትንሽ ክፍያ ይከፍላሉ፤ ቢገዙ ከዋጋው ይታሰብልዎታል፣ ባይገዙ ይቀራል። የዋጋ መሰቀል ስጋትዎ በዚህ ይመለሳል፤ የመሥሪያ ቤትዎ ጉዳይም እስከዚያው ይለይለታል፤ ውሃውንም በሁለት ደረቅ ወቅት ያዩታል። ይህ መብት በመዝገብ እንዲሰፍር ያድርጉ፤ ካልሰፈረ ሻጩ ለሦስተኛ ሰው ሲሸጥ እጅዎ ላይ የሚቀረው ክስ ነው።

ሻጩ ይህን እምቢ ካለና መግዛቱ ካልቀረ፣ በቀብድ ይግቡ። ቀብዱ ከዋጋው ከ5 በመቶ አይብለጥ፤ በሻጩ እጅ ሳይሆን በጠበቃ ወይም በባንክ በአደራ ይቀመጥ። ውሉ ከ60 እስከ 90 ቀን ጊዜ ይስጥዎት፣ አራት ሁኔታዎችም በስም ይጻፉበት፦ መዝገቡ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ፣ የተለካው ስፋት ከተባለው ከ2 በመቶ በላይ ካነሰ ዋጋው በዚያው ልክ መቀነሱ፣ የመተላለፊያ መብቱ መመዝገቡ፣ የውሃው ልኬት ከተስማሙበት መጠን አለማነሱ። አንዱ ቢጎድል ቀብዱ ሙሉ በሙሉ በስንት ቀን እንደሚመለስ ቀኑ ይቆጠር። ቀሪውን ክፍያ ስሙ በሚዞርበት ዕለት፣ በዚያው መዝገብ ቤት ይፈጽሙ።